ሕመምን አስታግሶ መራመድ

ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ ስላሉት ወራት፣ በለንደን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር



ከሥራ ውላችሁ፣ ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አምጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በክራንች ተደግፋችሁ አውቶቡስ ቀያይራችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዚህ ምሽት አዘጋጆች ሲጋብዙኝ፣ «ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ወገኖቻችን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በሕመምና በመድረቅ ይቸገራሉ፤ የሚሰጣቸው ወረቀት እንግሊዝኛ ነው፤ በራሳችን ቋንቋ ያስረዱልን» አሉኝ። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ግብዣውን በደስታ ተቀበልኩ። በጊዜው ያልተነገረ ምክር ሰውን ለዓመታት ሲያስነክስ አይቻለሁና፣ ጉዳዩ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ዛሬ የምነግራችሁ ብዙ ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ግን አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱልኝ፦ ማስታገሻ የሚዋጠው ለመንቀሳቀስ ነው። ሕመሙን ፈርቶ የተኛ ጉልበት ይደርቃል። ሕመሙን ንቆ ያለ ልክ የሠራ ጉልበትም ያብጣል። መንገዱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሕመሙን አስታግሶ፣ በልኩ፣ በየቀኑ መንቀሳቀስ።

ንግግሬን በአምስት ክፍል አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጉልበት ከቀዶ ጥገና በኋላ ለምን እንደሚደርቅ። ሁለተኛ፣ ሕመሙን እንዴት እንደምናስታግስ፤ እዚህ ላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ስለሚመለከት አንድ መድኃኒት እናገራለሁ። ሦስተኛ፣ እንቅስቃሴው ምንና ምን ያህል እንደሆነ። አራተኛ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጠያቂ፣ ስለ ጾምና ጸሎት። አምስተኛ፣ መቼ ወደ ሐኪም መሮጥ እንደሚገባ።

ከዚያ በፊት ስለምንኖርባት ከተማ አንድ ቃል ልበል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ማይክል ፍሪማን የተባሉ የለንደን ሆስፒታል ቀዶ ሐኪምና የኢምፔሪያል ኮሌጁ መሐንዲስ አላን ስዋንሰን ተባብረው ሰው ሠራሽ ጉልበት ነደፉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለሚተከለው ጉልበት መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ከሰባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1894፣ እዚሁ ለንደን አራት ነርሶች አንድ የሙያ ማኅበር መሥርተው ነበር፤ የዛሬው የብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ከእርሱ ወጣ። ሁለቱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ እንቅስቃሴው ነው። የመጀመሪያው በአንድና በሁለት ሰዓት ያልቃል። ሁለተኛው ወራት ይፈጃል፤ ባለቤቱም ታማሚው ራሱ ነው።

አንደኛ፤ ጉልበት ለምን ይደርቃል?

ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ ደምና ፈሳሽ በመገጣጠሚያው ውስጥ ይሰበሰባል። ጉልበቱ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይከብዳል። ይህ እብጠት የጭናችንን የፊት ጡንቻ ያሰንፈዋል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ «እግሬን ላነሣ ብል እምቢ አለኝ፣ ሽባ ሆንኩ እንዴ?» ይላል። አልሆናችሁም። ያበጠው መገጣጠሚያ በነርቭ በኩል የሚልከው መልእክት ጡንቻውን ለጊዜው ስለሚገታው ነው። እብጠቱ ሲቀንስና ጡንቻው ደጋግሞ ሲታዘዝ ይመለሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ጠባሳ ነው። ጠባሳ ስንል የምናስበው ከላይ የሚታየውን መስመር ነው፤ ነገር ግን ሰውነት በመገጣጠሚያው ውስጥም ጠባሳ ይሠራል። ይህ የውስጥ ጠባሳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገና ለስላሳ ነው፤ ካንቀሳቀስነው ይለጠጣል፣ ከተውነው ተኮማትሮ ይጠነክራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ወርቅ ናቸው፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለውም ጊዜ ብዙ ይሠራል። ከዚያ በኋላ መሻሻል ይቀጥላል፤ ግን እየዘገየ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ሰው ሲያመው ጡንቻውን ያጠብቃል፤ ጡንቻው ሲጠብቅ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ አልታጠፍ ሲል በግድ ይሞከራል፤ ያኔ የበለጠ ያማል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው በጊዜው የተወሰደ ማስታገሻ ነው።

ምን ያህል መታጠፍ እንደሚያስፈልገን በቁጥር ልንገራችሁ። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውን ጉልበት 0 ዲግሪ እንበለው። ሜዳ ላይ ለመራመድ ወደ 70 ዲግሪ መታጠፍ ይበቃል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ፣ ከወንበር ለመነሣት 90 እና ከዚያ ጥቂት በላይ ያስፈልጋል። ቡና የምናፈላበት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብድግ ለማለት ከ110 በላይ ይጠይቃል። ተረከዝ ላይ ቁጭ ብሎ ለመንበርከክ ደግሞ 140 አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። ሰው ሠራሽ ጉልበት በደንብ የዳነ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ይታጠፋል። እንግዲህ የዕለት ተዕለት ኑሮ ይመለሳል፤ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ግን ለብዙዎች አይመለስም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከኋላ ሐዘን ያድናል።

ስለ መታጠፍ ብዙ ይወራል፤ ስለ መዘርጋት ግን ማንም አያነሣም። እኔ ግን መዘርጋቱን አስቀድማለሁ። ሙሉ በሙሉ ያልተዘረጋ ጉልበት ሲራመዱበት ያስነክሳል፤ የጭን ጡንቻን ቶሎ ያደክማል፤ ወገብንም ያሳምማል። መዘርጋትን የሚከለክለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው። እናታችን ከሆስፒታል ትመጣለች፤ ሶፋ ላይ ትጋደማለች፤ ልጅ ሮጣ ለስላሳ ትራስ ታመጣና ከጉልበቷ ሥር ትከትላታለች። እናታችን «ተባረኪ፣ አሁን ተመቸኝ» ትላለች። እውነት ነው ይመቻል፤ ምክንያቱም ያበጠ ጉልበት በትንሹ ተጣጥፎ መቀመጥ ይወዳል። እንደዚያ ሆኖ ሳምንታት ከቆየ ግን በዚያው ይቀራል። ትራሱ ከባትና ከተረከዝ ሥር ይሁን፤ ከጉልበት ሥር አይሁን። ይህን ለልጆቻችሁም ንገሩ።

ሁለተኛ፤ ሕመሙን እንዴት እናስታግስ?

የመጀመሪያው ሕግ ጊዜን ማክበር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስታገሻን «ሲብስብኝ እወስዳለሁ» ብሎ መጠበቅ አይበጅም። ሕመም አንዴ ከተነሣ በኋላ ማብረድ ከባድ ነው። ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ውሰዱ፤ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ እንድትወስዱም ሰዓቱን አመቻቹ። ደግሜ እላለሁ፦ ማስታገሻ የሚዋጠው ለመንቀሳቀስ ነው። ውጦ መተኛት ግማሽ ጥቅሙን ማጣት ነው።

ፓራሲታሞል መሠረት ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን እስከ አራት ጊዜ፣ ቢያንስ በአራት ሰዓት ልዩነት ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። የጉበት ሕመም ያለባችሁ ወይም ክብደታችሁ አነስተኛ የሆነ፣ መጠኑን ከሐኪም ጠይቁ። ኮ-ኮዳሞልና ከሱቅ የሚገዙ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች በውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላላቸው አብራችሁ አትደርቡ። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ እብጠትንም ይቀንሳሉ፤ ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ላለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሆኑም። በባዶ ሆድም አይወሰዱም።

አሁን ስለ ኮዴይን በጥሞና ስሙኝ። በዚህ አገር ከቀዶ ጥገና በኋላ ኮዴይን በብዛት ይታዘዛል። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ይህን የሚለውጠው ኢንዛይም በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም። በ1996 ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ኢንዛይም የሚያመነጨውን ጂን ከተለመደው በላይ ቅጂ ይዘው ተገኙ። ከአሥር ሰው ሦስት ማለት ይቻላል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። የጂኑ ቅጂ ለበዛባቸው ሰዎች የተለመደው መጠን በሰውነታቸው ውስጥ ፈጥኖ ወደ ብዙ ሞርፊን ይለወጣል። ምልክቱ ያልተለመደ የእንቅልፍ ጫና፣ መደናበር፣ ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማነስ ነው።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም፤ በብሪታንያ ለሐኪሞች በሚሰጠው የኮዴይን መግለጫ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በስም ተጠቅሰው ተጽፏል። ሆኖም ሁሉም ነርስና ሐኪም ያስታውሰዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት እናንተው ተናገሩ፦ «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ኮዴይንን በፍጥነት የሚለውጥ ሰው በእኛ ዘንድ ብዙ ነው፤ ለእኔ ሌላ አማራጭ ይኖራል?» ከዚህ በፊት ኮዴይን ወስዳችሁ ራሳችሁን ስታችሁ ወይም ስትቃዡ ከነበረ ያንን አትደብቁ። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ይለወጣልና ስለ እርሱም ጠይቁ። ይህን የምለው ማስታገሻ እንድትፈሩ አይደለም፤ የሚስማማችሁን እንድታገኙ ነው። ጠንካራ ማስታገሻ ለጥቂት ሳምንታት በሐኪም ክትትል ቢወሰድና ቀስ በቀስ ቢቀነስ መልካም ነው። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ግን ውሃ፣ አትክልትና ሐኪም የሚሰጠውን የሆድ ማለስለሻ አትርሱ።

ሁለተኛው ማስታገሻ በረዶ ነው። የበረዶ ከረጢት ወይም የቀዘቀዘ አተር በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጉልበቱ ላይ አድርጉ፤ በቀን ደጋግማችሁ፣ በተለይ ከእንቅስቃሴ በኋላ። በረዶው በቀጥታ ቆዳ አይንካ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የጉልበቱ ውጫዊ ጎን ስለሚደነዝዝ በረዶ ሲያቃጥል ላይሰማችሁ ይችላል። እግራችሁንም ከልብ ከፍታ በላይ አድርጋችሁ በጀርባችሁ ተኙ። ልማዳችን ሞቅ ያለ ነገር ማድረግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያበጠ አዲስ ቁስልን ግን ሙቀት ያባብሰዋል።

ሦስተኛው፣ እውነቱን መናገር ነው። ነርሷ «ሕመሙ እንዴት ነው?» ስትል፣ ዓይናችን እንባ አቅርሮ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ትሕትናው መልካም ነው፤ ነርሷ ግን የሰማችውን ትጽፋለች፣ ማስታገሻውም ይቀነሳል። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡ። «ስተኛ 3፣ ስነሣ 7» በሉ። ቋንቋ ካስቸገራችሁ በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ በኤን ኤች ኤስ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ክፍያ የለውም። ቀጠሮው ሲያዝ አስቀድማችሁ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ አስመዝግቡ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ሦስተኛ፤ እንቅስቃሴው ምንድን ነው?

አሁን የምነግራችሁ ጉልበቱ ለተቀየረ ሰው ነው። የጅማት ጥገና የተደረገለት ወይም በጉልበቱ ውስጥ ያለው ልም አጥንት የተሰፋለት ሰው፣ ምን ያህል እንደሚያጥፍና እንደሚረግጥ ቀዶ ሐኪሙ የሰጠውን ገደብ ያክብር።

አንድ፤ ተኝታችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ይህ ደም እንዳይረጋ ይረዳል፤ ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት ሁሉ ደጋግሙት።

ሁለት፤ እግራችሁን ዘርግታችሁ ጉልበታችሁን ወደ ፍራሹ ተጫኑት፤ የጭናችሁ ጡንቻ ሲጠብቅ በእጃችሁ ዳብሱት። እስከ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ፤ አሥር ጊዜ።

ሦስት፤ ተረከዛችሁን በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አሳርፉና ጉልበታችሁ ከሥሩ ምንም ሳይኖር በራሱ ክብደት ይዘርጋ። ጥቂት ደቂቃ ታገሡት።

አራት፤ ነጠላችሁን አምጡ። አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ ነጠላውን በውስጥ እግራችሁ ላይ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፎች ያዙ። ተረከዛችሁን በፍራሹ ላይ እያንሸራተታችሁ ወደ መቀመጫችሁ ሳቡ፤ መጨረሻው ላይ ነጠላው ትንሽ ይጨምርላችሁ። የመለጠጥ ስሜት ሲመጣ ቁሙ፤ ትንፋሻችሁን አውጡ፤ እስከ አምስት ቆጥራችሁ መልሱ።

አምስት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የተሠራውን እግር ከወንበሩ ሥር ወደ ኋላ ሳቡ፤ ከዚያ ወደፊት ዘርጉ።

ይህን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሥሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ በአንዴ ከመሥራት፣ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ እየከፈሉ መሥራት ይበልጣል። ቤታችሁ ቡና የሚፈላ ከሆነ ደስ የሚል ሰዓት አላችሁ። በርጩማውን ለሌላ ተዉና መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አቦል ከመቀዳቱ በፊት አሥር፣ በአቦልና በቶና መካከል አሥር፣ ከበረካ በፊት አሥር ጊዜ እግራችሁን እጠፉና ዘርጉ። ጨዋታውም አይቋረጥ። ጠያቂው አብሮ ቢቆጥር እሰየው።

ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል? መለኪያው ይኸውና። ስትሠሩ የሚመጣ፣ ልትታገሡት የምትችሉትና ካቆማችሁ በኋላ የሚበርድ ሕመም የሥራ ሕመም ነው፤ አትፍሩት። ሌሊቱን ሙሉ የሚጠዘጥዝ፣ በማግስቱ ጉልበቱን ይበልጥ አሳብጦ የሚያሳድር ሕመም ልኩን አልፋችኋል ማለት ነው። ያን ጊዜ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፤ ፈጽማችሁ ግን አታቁሙ። ያቆመ ሰው በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ጉልበቱን ደርቆ ያገኘዋል።

ለንደን የደረጃ ከተማ ናት። አሳንሰር በሌለው ፎቅ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ስትወርዱ የተሠራው እግር ይቅደም። ከሆስፒታል ሳትወጡ ባለሙያው ደረጃ ላይ ያስለማምዳችሁ። አውቶቡስ ላይ ወደ ላይኛው ፎቅ አትውጡ፤ የለንደን ትራንስፖርት ከ2017 ጀምሮ «እባክዎ መቀመጫ ይስጡኝ» የሚል ባጅ በነፃ ያድላልና አስመጡ። መኪና መንዳት ብዙውን ጊዜ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም ፍሬን በድንገት አጥብቃችሁ መርገጥ ስትችሉና ኢንሹራንሳችሁ ሲፈቅድ። ሥራችሁ በጽዳት፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ወይም በሹፍርና ከሆነ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ጠይቁ። ቤት ኪራይ ያሳሰበው ሰው ሳይድን ሥራ ይገባል፤ ጉልበቱም ይቀጣዋል።

ትዕግሥት ያስፈልጋል። ክራንች ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ይለቀቃል። ሕመሙና እብጠቱ እስኪረጋ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። የእግር እብጠት ፈጽሞ እስኪጠፋ ዓመት ሊሞላ ይችላል። ጡንቻና ጠባሳ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ እየተሻሻሉ ይሄዳሉ። «የእከሌ ጉልበት በወሩ ዳነ» እያላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በየዓመቱ በአውሮፓ ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል ፌስቲቫል ኳስ ለመጫወት ተጣድፋችሁ፣ የጉልበት ጅማት በተሠራላችሁ በአምስተኛው ወር ሜዳ አትግቡ። ከዘጠኝ ወር በፊት መመለስ ጅማቱን ዳግም ለመበጠስ ያጋልጣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አስታውሱ። ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2001 በኤድመንተን በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። በዚያው ዓመት እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ላይ የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2002 ደግሞ የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። እንደ እርሱ ያለ ሰው እንኳ ደረጃ በደረጃ ነው የተመለሰው።

አራተኛ፤ ቤተሰብ፣ ጠያቂ፣ ጾምና ጸሎት

እኛ በሽተኛን እንወዳለን። ሲታመም አልጋ እናነጥፋለን፤ ውሃ እንኳ ተነሥቶ እንዲቀዳ አንፈቅድም። ለሌላ በሽታ ይህ ደግነት ያድናል፤ ለተሠራ ጉልበት ግን ይጎዳል። እናታችሁ ተነሥታ ሻይዋን ራሷ ትቅዳ፤ እናንተ ከጎኗ ቁሙ። ምንጣፉን አንሡላት፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከመንገድ ላይ ሰብስቡላት፤ በየሰዓቱ ተነሥታ ጥቂት እንድትራመድ አስታውሷት። ጠያቂዎችም ከምግቡ ጋር ክንዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እስከ በር፣ ሳምንት ሲሆነው እስከ መንገዱ ጫፍ አብራችሁ ተራመዱ።

ስለ ወጌሻ በአክብሮት እናገራለሁ። ወጌሻ በአገራችን ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የሕዝብ ባለውለታ ነው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ጉልበት ግን በውስጡ ብረትና ፕላስቲክ፣ ገና ያልጠና ስፌት አለው። በቅቤ አጥብቆ ማሸት፣ በግድ ማጠፍ፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰር አይገባም፤ ደም ያፈሳል፣ የደም ዝውውርን ይዘጋል። በአገራችን ሆስፒታሎች በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት እግራቸውን ያጡ ሰዎች እንዳሉ ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ቁስሉ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ ጠባሳውን ቀስ አድርጎ ማሸት ግን ይጠቅማል፤ እንዴት እንደሆነ ባለሙያችሁ ያሳያችሁ።

ጠበል ለሚጠመቁም፣ ፍል ውሃ ለሚወዱም፣ ገንዳ ውስጥ ለሚዋኙም ምክሩ አንድ ነው፤ ቁስሉ ፈጽሞ ደርቆ ሐኪም እስኪፈቅድ ውሃ ውስጥ አትንከሩት።

ጿሚዎች ሆይ፣ ቁስልና ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነቡም፤ መድኃኒትም ሰዓት አለው። ኦርቶዶክሳውያን የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ሙስሊሞች ኢማማችሁን ጠይቁ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ይራራሉ። በጾም የምትቀጥሉ ከሆነ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ በገበታችሁ አይጥፋ። በዚህ ደመናማ አገር ደግሞ ቆዳችን ጠቆር ያለ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ ማሰብ እንዳለብን የጤና ምክሩ ይናገራል።

ስግደትና ሶላት የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጸልዩ፤ በቅዳሴ ጊዜ መቋሚያ ያዙ፤ ሲደክማችሁ ተቀመጡ፤ ለረጅም ሰዓት ቆሞ መዋል ያሳብጣል። ቁስሉ ከዳነ ከወራት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ከፈቀደ ወፍራም ትራስ ላይ መንበርከክ መሞከር ይቻላል። ሊቆረቁርና ሊደነዝዝ ይችላል። ያልቻለ ሰው በጸሎቱ ላይ የጎደለ ነገር እንዳለ አያስብ።

አምስተኛ፤ መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ?

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከመጣ 999 ደውሉ፤ አትዘግዩ። ባታችሁ ካበጠ፣ ከጠጠረና ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ለሆስፒታሉ ወይም ለ111 ደውሉ። የታዘዘላችሁን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ቀኑ ሳይሞላ አታቋርጡ። አዲስ አበባ ለመብረር የምታስቡም እስከ ሦስት ወር ድረስ ረጅም በረራን አቆዩ፤ ከዚያ በፊት የግድ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ ቲኬት አትቁረጡ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል፣ በየቀኑ የሚጨምር ሕመም የኢንፌክሽን ምልክቶች ናቸው። ወረቀቱ ላይ «ቁስሉ ከቀላ» የሚል ታነባላችሁ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ በእጅ ጀርባ ዳብሱት፤ ከሌላው ጉልበት ጋር አወዳድሩት፤ ሙቀቱና ጥንካሬው ከጨመረ ደውሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠነኛ ሙቀት የተለመደ ነው፤ አሳሳቢው እየባሰ የሚሄደው ነው።

ስድስት ሳምንት ሞልቶ ጉልበታችሁ 90 ዲግሪ ካልታጠፈ ወይም አልዘረጋም ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ለቀዶ ሐኪማችሁ ክፍል ደውሉ። በሰመመን ውስጥ ሆናችሁ ሐኪሙ ጉልበቱን የሚያፍታታበት ሕክምና አለ፤ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያፈረና የዘገየ ሰው ይህን ዕድል ያጣል።

አንድ እውነት ደግሞ መደበቅ የለበትም። ጉልበታቸውን ከሚቀይሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ከወራት በኋላም ሕመም ይቀርባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ከሆናችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ «አልሠራሁም፣ ሰነፍኩ» ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ከሦስት ወር በኋላ የሚያስቸግር ሕመም ካለ ምክንያቱ እንዲመረመር ጠይቁ፤ የሕመም ሕክምና ክፍልም እንዲልኳችሁ ጠይቁ።

ወገኖቼ፣ እንግዲህ ላጠቃልል። ጉልበት የሚደርቀው በእብጠት፣ በጠባሳና በፍርሃት ነው። እብጠቱን በበረዶና እግርን ከፍ በማድረግ፣ ጠባሳውን በየቀኑ በመንቀሳቀስ፣ ፍርሃቱን በማስታገሻና በእውነተኛ ንግግር እናሸንፈዋለን። ማስታገሻ የሚዋጠው ለመንቀሳቀስ ነው።

ከዚህ ስትወጡ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ቀዶ ጥገና የምትጠብቁ፣ ስለ ኮዴይን ያልኳችሁን በስልካችሁ ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። ታማሚ ቤታችሁ ያለ፣ ዛሬ ማታ ስትገቡ ትራሱን ከጉልበቱ ሥር አንሡ። ጤነኞች የሆናችሁ ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ብቻውን የሚኖር ታማሚ ፈልጉና ክንዱን ይዛችሁ አራምዱት።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ እዚሁ ነኝ።